የኤሌክትሪክ መኪናና የራዲዮ ጩኸት፦ ከለላው የሚሳሳው የት ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የማሳቹሴትሱ ሴናተር ኤድ ማርኪ ለ20 የመኪና አምራቾች ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት ስለ ኤኤም ራዲዮ ነበር፦ በኤሌክትሪክ መኪኖቻችሁ ላይ ይቀጥላል ወይስ ታስወጡታላችሁ? በማርች 2023 ይፋ የሆነው መልስ ስምንት ኩባንያዎች ከኤሌክትሪክ መኪኖቻቸው ላይ እንዳነሱት አሳየ፤ ቢኤምደብሊው፣ ፎርድ፣ ማዝዳ፣ ፖልስታር፣ ሪቪያን፣ ቴስላ፣ ቮልስዋገንና ቮልቮ። ፎርድ ተቃውሞው ሲበረታበት በዚያው ዓመት ሜይ ወር ውሳኔውን ቀለበሰ። በዚያው ወርም ኤኤም ራዲዮ በማንኛውም አዲስ መኪና ላይ እንዲኖር የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቀረበ።

አምራቾቹ የሰጡት ምክንያት ተመሳሳይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናው የኃይል ክፍል የሚያመነጨው የኤሌክትሮማግኔቲክ ሁከት የኤኤም ስርጭትን ስለሚረብሽ አድማጩ ጩኸት ብቻ ይሰማል፤ ሁከቱን ማፈን ደግሞ ተጨማሪ ከለላ (ሞገድ የሚያግድ የብረት ሽፋን)፣ ተጨማሪ ክብደትና ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል። እኔ ይህን ምክንያት ግማሽ እውነት ነው እላለሁ። ሁከቱ መኖሩ እርግጥ ነው። ነገር ግን እንደ ሃዩንዳይ፣ ኪያና ቶዮታ ያሉት ኩባንያዎች ለዚሁ ደብዳቤ ሲመልሱ ራዲዮውን አላነሳንም ብለዋል። አንዱ የቻለውን ሌላው አልቻልኩም ሲል ነገሩ ከፊዚክስ ወጥቶ ወደ ሒሳብ ይገባል፦ የከለላውን ዋጋ ማን ይክፈል? አምራቹ ካልከፈለ አድማጩ ይከፍላል። ከመኪናው ውጭ፣ በአጥር ወዲያ ራዲዮውን የከፈተው ጎረቤትም ሊከፍል ይችላል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ መንገድ ምን ያህል እንደተቀየረ በከተማዋ የሚነዳ ሁሉ ያያል። ውሳኔው ስለ ነዳጅ ወጪና ስለ አየር ብክለት ብዙ አነጋግሯል። ስለ ሌላው ብክለት፣ በዓይን ስለማይታየው የሞገድ ብክለት ግን እምብዛም አልተነጋገርንም። የምንነጋገርበት ምክንያት አለን፤ በመካከለኛ ሞገድ (በኤኤም) እና በአጭር ሞገድ የሚተላለፍ ራዲዮ ዛሬም የኤፍኤም ጣቢያ በማይደርስበት ገጠር ብቸኛው የዜና ምንጭ የሆነበት አገር ነው ያለን።

ሁከቱ ከየት ይመጣል? የመኪናው ባትሪ የሚሰጠው ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ ሞተሩ የሚፈልገው ግን አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ፍሰት ነው። በመካከላቸው ያለው ኢንቨርተር ባትሪውን በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ እየከፈተና እየዘጋ ለሞተሩ የሚስማማውን ፍሰት ያበጃል። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ክፋይ ውስጥ ይነሳል፣ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ስለታም ለውጥ በራሱ ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ በሚደጋገምበት ብዛት) ብቻ አይወሰንም፤ የዚያን ፍሪኩዌንሲ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ መቶ እጥፍ እያለ እስከ ሜጋኸርዝ ድረስ ይዘረጋል። የኤኤም ራዲዮ የሚተላለፈው ከ530 እስከ 1700 ኪሎኸርዝ ገደማ ነውና ልክ በመንገዱ ላይ ይቆማል። ኤፍኤም የሚተርፈው በሁለት ምክንያት ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ላይ ሲደርስ ሁከቱ ይደክማል። ኤፍኤም መልእክቱን የሚሸከመውም በሞገዱ ጉልበት ከፍና ዝቅ ማለት ሳይሆን በፍሪኩዌንሲው መለዋወጥ ስለሆነ ጉልበቱን የሚረብሽ ጩኸት ብዙም አይነካውም።

መፍትሔው ከመኪና በፊት የኖረ ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1836 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ በእያንዳንዱ ጎኑ 12 ጫማ የሆነ የእንጨት ሳጥን ሠርቶ በመዳብ ሽቦና በቆርቆሮ ወረቀት ሸፈነው። ከዚያም ሳጥኑን በኃይለኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አስሞልቶ ራሱ ገባበት። በውጭ ብልጭታ እየተወረወረ እርሱ ከውስጥ በበራ ሻማና በኤሌክትሪክ መለኪያ መረመረ፤ ቅንጣት የኤሌክትሪክ ምልክት አላገኘም። በብረቱ ውስጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ውጭ ያለው ኃይል ሲገፋቸው ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ ቦታቸውን ለውጠው የሚፈጥሩት ተቃራኒ ኃይል የመጣውን ከውስጥ ያጠፋዋል። ዛሬም ከለላ ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው። ነገሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ውጭ ያለውን ከመግባት፣ ውስጥ ያለውን ከመውጣት ያግዳል።

ብዙ ሰው ከለላ ሲባል ወፍራም ብረት ይታየዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱም በቁጥር ይታያል። ተለዋዋጭ ፍሰት በብረት ውስጥ የሚሄደው በላይኛው ቆዳ ላይ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ መጠን ቆዳው ይሳሳል። በመዳብ ውስጥ ሞገዱ ወደ 37 በመቶ የሚወርድበት ጥልቀት በቤታችን 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ 9 ሚሊሜትር ያህል ነው። በኤኤም ራዲዮ አካባቢ፣ በ1 ሜጋኸርዝ፣ ወደ 0.066 ሚሊሜትር ይወርዳል። የእጅ ስልክ በሚሠራበት በ1 ጊጋኸርዝ አካባቢ ደግሞ 0.002 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። እንግዲህ የኤኤም ሁከትን ለማገድ የሚበቃው መዳብ ከወረቀት ብዙም አይወፍርም። አምራቾች ክብደት ሲሉ የሚያነሱት ነገር የመዳቡን ውፍረት የሚመለከት ከሆነ አሳማኝ አይደለም። እውነተኛው ችግር ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ከለላው የሚፈተነው በቀዳዳውና በመገጣጠሚያው ነው።

የተሰነጠቀ እንስራ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር ውኃውን አይዝም። ለሞገድ ግን ስንጥቁ ምን ያህል ሰፊ ነው የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ርዝመቱ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ነገር ግን ርዝመቱ የሞገዱን ግማሽ ያህል የሆነ ክፍተት ራሱ እንደ አንቴና ይሆንና ሞገዱን ያስወጣዋል። የ1 ጊጋኸርዝ ሞገድ 30 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ በብሎን በደንብ ያልተጠበቀ 15 ሴንቲሜትር የክዳን ጠርዝ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ሳጥኑን ከፍቶ እንደ መተው ነው። መሐንዲሶች ክፍተቱ ከሞገዱ ርዝመት ከሃያ አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ፤ ለዚህ ሞገድ 1.5 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። የከለላ ሳጥኖች ጠርዝ ላይ ብሎን እንዲያ ተቀራርቦ የሚደረደረው ለጥንካሬ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ማይክሮዌቭ ምድጃ ያለው ሰው ይህን በቤቱ ማየት ይችላል። ምድጃው የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ ሲሆን ሞገዱ 12 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ጥቁር ወንፊት ቀዳዳዎቹ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር አይበልጡም፤ ብርሃን ያልፋል፣ ሞገዱ አያልፍም። ከወንፊቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የበሩ ጠርዝ ነው። በሩ በየጊዜው ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ ብረቱ ዙሪያውን ፍጹም እንዲነካካ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ በጠርዙ ዙሪያ ጥልቀቱ የሞገዱን ሩብ፣ ማለትም 3 ሴንቲሜትር የሚያህል፣ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቦይ ይሠራል። ሊያመልጥ የመጣው ሞገድ ወደ ቦዩ ገብቶ ሲመለስ ከራሱ ጋር ተጋጭቶ ይጠፋል። የተጣመመ ወይም ማጠፊያው የላላ በር አደገኛ የሚሆነውም ይህ የሚሊሜትር ሥራ ስለሚበላሽ ነው። ስልክን የጠፋ ምድጃ ውስጥ አስቀምጦ በመደወል ምድጃው ሞገድ ያፈሳል ብሎ መደምደም ግን ልክ አይደለም። ቦዩ የተሠራው ለአንድ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ስልኩ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ሊሠራ ይችላል፤ ከዚህም ሌላ ስልክ ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ተርፎ የደረሰውን ሞገድ እንኳ የሚሰማ መሣሪያ ነው።

በአውስትራሊያ የፓርክስ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ተመራማሪዎች ለዓመታት የተቸገሩበት ጉዳይ ከዚሁ በር ጋር የተያያዘ ነው። ከሩቅ ሰማይ የመጣ የሚመስል፣ ነገር ግን ከምድር ሳይሆን አይቀርም የሚያሰኝ አጭር ምልክት አልፎ አልፎ ይደርሳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤሚሊ ፔትሮፍና ባልደረቦቿ ምንጩን አገኙት፦ የግቢው ማይክሮዌቭ ምድጃ። ሰው ጊዜው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ በሩን ሲከፍተው ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል፣ ማግኔትሮኑ፣ እስኪጠፋ ባለች ቅጽበት የሞገድ ፍንጣሪ ታመልጥ ነበር። ምድጃው አልተበላሸም፤ ሕግም አልጣሰም። ነገር ግን በአጠገቡ እጅግ ደካማውን ድምፅ ለመስማት የተቀመጠ ጆሮ ነበረ። ከለላ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚባለው አጠገብ ማን እንዳለ ታውቆ ነው።

እንዲህ ካሉት ጆሮዎች አንዱ በየትልልቁ ሆስፒታል አለ። በብዛት የሚሠራበት 1.5 ቴስላ (ቴስላ እዚህ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) የኤምአርአይ መሣሪያ በ64 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከሕመምተኛው አካል የሚመጣውን እጅግ ደካማ የራዲዮ ምልክት አዳምጦ ምስል ይሠራል። ክፍሉ ወለሉ፣ ጣሪያውና ግድግዳው በመዳብ ወይም በሌላ ብረት የተለበጠ ነው፤ ባለሙያዋ የምታይበት መስኮት ውስጥ ወንፊት አለ፤ የበሩ ጠርዝ ዙሪያውን ሲዘጋ በሚጫኑ ቀጫጭን የመዳብ ጣቶች ተከቧል። ማንኛውም ሽቦ የሚገባው በማጣሪያ በኩል ብቻ ነው። አንድ ሰው በኋላ ያመቸኛል ብሎ ግድግዳውን በስቶ የተራ መብራት ሽቦ ቢያስገባ ሽቦው የውጭውን ሞገድ ሁሉ ተሸክሞ ይገባል፤ በምስሉ ላይም ከበሽታ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የነጠብጣብ መስመር ይወጣል። ከእነዚያ የመዳብ ጣቶች ጥቂቶቹ ሲሰበሩ ወይም በአቧራና በዝገት ሲሸፈኑም እንዲሁ ነው። ይህን ከለላ በጊዜው ማጽዳትና መፈተሽ መሣሪያውን እንደ መጠገን ሊቆጠር ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ውድ መሣሪያ በበር ጠርዝ ምክንያት አጠራጣሪ ምስል ማውጣት የለበትም።

ወደ መኪናው እንመለስ። የኤሌክትሪክ መኪና ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሸከመው ገመድ ብርቱካናማ ነው። ቢላጥ ከመሐል የመዳብ ሽቦ፣ ቀጥሎ ወፍራም ማገጃ ፕላስቲክ፣ በላዩ ላይ እንደ ሸማ የተጠለፈ የመዳብ ጥልፍ፣ አንዳንዱም ላይ ተጨማሪ የአሉሚኒየም ወረቀት፣ ከዚያ ብርቱካናማው ልባስ ይገኛል። ያ ጥልፍ ነው ከለላው። በፋብሪካ የጥልፉ ጫፍ ዙሪያውን በሙሉ በብረት ቀለበት ተይዞ ከኢንቨርተሩ ሳጥን ጋር ይገናኛል። ይህ ዙሪያ ግንኙነት ነው ዋናው ምሥጢር። አንድ መካኒክ ገመዱን ሲጠግን ጥልፉን ሰብስቦ እንደ ጭራ ቢጠመዝዘውና በአንድ ብሎን ቢያስረው በመለኪያ መሣሪያው ላይ ግንኙነቱ ፍጹም ሆኖ ይታያል፤ መኪናውም እንደ ድሮው ይሄዳል። ይሁን እንጂ 10 ሴንቲሜትር የምታህለው ጭራ ለፈጣን ሞገድ ሽቦ ብቻ አይደለችም፤ እንቅፋትም ናት። በ1 ሜጋኸርዝ ላይ ከግማሽ ኦም ትንሽ የሚበልጥ፣ በ100 ሜጋኸርዝ ላይ 60 ኦም የሚያህል ተቃውሞ ታሳያለች። ወደ ሳጥኑ መመለስ የነበረበት ሁከት መንገዱ ሲጠበው በገመዱ ውጭ ይፈስሳል፣ ገመዱም አንቴና ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና በየሰፈሩ እየተስፋፋ ባለበት በዚህ ጊዜ ለሠልጣኞች ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ አደጋ ማስተማር የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ተገቢም ነው። የጥልፉ ጫፍ ጉዳይ ግን ሁለተኛው ትምህርት መሆን አለበት።

ከለላ ከእነዚህ ትላልቅ ነገሮች ውጭም በየኪሳችን አለ። የእጅ ስልክ ሲፈታ በውስጡ የሚታዩት ትናንሽ የብረት ክዳኖች የስልኩን አንዱን ክፍል ከሌላው የሚለዩ ከለላዎች ናቸው፤ ባይኖሩ የራሱ ፕሮሰሰር ጩኸት የራሱን አንቴና ያደነቁረው ነበር። የሙቀት መከላከያ የብረት ቅብ ያለው መስታወት የለበሰ ሕንፃም ሳይታሰብ ከለላ ይሆናል፤ በእንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ ሰዎች ለመደወል ወደ መስኮት ሲጠጉ ብዙ ሳይረዳቸው የሚቀረው መስኮቱ ራሱ ብረት ስለ ለበሰ ነው። የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ግድግዳና ጣሪያው ሞገዱን ቢመልስም በበሩና በመስኮቱ በኩል ያስገባዋል፤ የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ግማሹ 17 ሴንቲሜትር አይሞላምና በመስኮት በቀላሉ ያልፋል።

በገበያ ላይ ከስልክ ጀርባ ተለጥፎ «ከጨረር ይከላከላል» ስለሚባለው ተለጣፊ ግን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። አይሠራም። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽንም ሸማቾችን አስጠንቅቆበታል። ትንሽ ቁራጭ በስልኩ አንድ ጎን መለጠፍ የቀረውን ሁሉ ክፍት መተው ነው። በእርግጥ የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ደግሞ ስልኩ ከጣቢያው ጋር መገናኘት ስለሚከብደው ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ይልክ ነበር። በተለይ ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና እየተባለ ሲሸጥ ማየት ያሳዝነኛል፤ የሰውን ስጋት ገንዘብ ማድረግ ነውና።

በአንጻሩ በቤተ ሙከራ ያለው ሥራ ተስፋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በፊላዴልፊያ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የተገኙት ማክሲን የተባሉ እጅግ ስስ ቁሶች በ2016 ለከለላ ተሞክረው ነበር። ከቲታኒየምና ከካርቦን የተሠራ፣ ከፀጉር የሚቀጥን 45 ማይክሮሜትር ንጣፍ 92 ዴሲቤል አስመዘገበ፤ ከሚመጣው ሞገድ ከቢሊዮን አንድ እጅ ያነሰ ብቻ ያልፋል ማለት ነው። በቀለም መልክ በፕላስቲክ ላይ መቀባት መቻሉ ለመኪናም ለአውሮፕላንም ክብደት ይቀንሳል። ሆኖም ቁሱ ምንም ቢራቀቅ መገጣጠሚያውንና የገመዱን ጫፍ አይተካም።

ቁሱም ሙያውም ካለ የቀረው ሕግ ነው፤ ከቀዳዳዎቹ ሁሉ ትልቁን ያየሁት እዚህ ነው። መኪኖች ለአካባቢ ራዲዮ የሚያደርሱትን ሁከት የሚወስነው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሲስፕር 12 ይባላል። የሚለካው ግን ከ30 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ነው። መስፈርቱ የተሠራው ዋናው የሁከት ምንጭ የነዳጅ ሞተር ካንዴላ በነበረበት ዘመን በመሆኑ ከዚያ በታች ያለው፣ የኤኤምና የአጭር ሞገድ ራዲዮ ሁሉ ያሉበት ክልል፣ ሳይታይ ቀረ። የኤሌክትሪክ መኪና ኢንቨርተር ደግሞ በጣም የሚጮኸው ልክ እዚያ ነው። ክፍተቱን ለመዝጋት ሲስፕር 36 የተባለው መስፈርት የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ከ150 ኪሎኸርዝ እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለውን ይለካል። ቻይና በበኩሏ ለኤሌክትሪክ መኪኖች በዚሁ ክልል የራሷ መስፈርት፣ ጂቢ/ቲ 18387፣ አላት። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ አገራችን የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ከቻይና ናቸውና።

ስለዚህ ኢትዮጵያ ከባዶ መጀመር አያስፈልጋትም። አስመጪው ከመኪናው ሰነድ ጋር ከእነዚህ ከሁለቱ መስፈርቶች የአንዱን የፍተሻ ውጤት እንዲያቀርብ መጠየቅ ይቻላል። የደረጃዎች ኢንስቲትዩት መስፈርቱን መቀበል፣ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ የራዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ሥልጣን ስላለው ጩኸቱን በሜዳ ላይ መለካት ይችላሉ። መኪናው ሲነዳ ብቻም አይደለም፤ በየግቢው ተሰክቶ ሲሞላ የሚሠራው የመኪናው የውስጥ ቻርጀርም እንደ ኢንቨርተሩ በፍጥነት የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ የቤቱን የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ አንቴና ይጠቀማል። የአጭር ሞገድና የሩቅ ኤኤም ጣቢያዎች በደንብ የሚሰሙት ደግሞ በምሽት ነው።

እስከዚያው ባለ መኪናውም ሆነ ጋራዡ ብዙ ሳያወጣ ማድረግ የሚችለው ፍተሻ አለ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ በኤኤም ላይ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ይደረግና መኪናው በርቶ፣ ቀጥሎም ቻርጅ እየተደረገ፣ በዙሪያው ይዞራሉ። ጩኸቱ በድንገት የሚያይልበት ቦታ ከለላው የሳሳበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የገመድ ጫፍ ወይም የሳጥን ክዳን ሆኖ ይገኛል። ይህ የላቦራቶሪ ልኬትን አይተካም፤ ከጥገና በፊትና በኋላ ቢደረግ ግን ጥልፉ በቀለበቱ ዙሪያ መታሰር አለመታሰሩን ለመለየት ይበቃል። ልዩነቱ ከተሰማ ብርቱካናማው ገመድ በሠለጠነ ሰው እጅ እንደገና ይከፈት፤ ማንም በራሱ አይንካው፤ የሚሸከመው ቮልቴጅ ይገድላል።